እሱ ባይመጣ ጊታሩ ይምጣ

ከጥፋታችን እንጀምር። የሰው ዕቃ አበላሽተናል። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልተሰረቀም፣ ውሃም አልፈሰሰበትም። እንዲያውም ዛሬ ብታዩት ከሱቅ የወጣ አዲስ ይመስላችኋል። ችግሩም እሱ ነው፤ አዲስ አደረግነው።

"እኛ" ስንል አራት ነን። አንድ ድራመር፣ አንድ ቤዚስት፣ አንዲት ዘፋኝ እና ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ጊታር የምትነካካ አንዲት ልጅ። ይህን ጽሑፍ እንድትጽፍ የተፈረደባት የመጨረሻዋ ናት። "ማንዋሉን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ ኑዛዜውንም አንቺው ጻፊው" ተባለች። ባንድ ነን ለማለት ገና እናፍራለን። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን የጎረቤትን ትዕግሥት የምንፈትን ጓደኛሞች ነን።

ግቢው የጓደኛችን እናት ነው። ጓደኛችን አምስተኛችን ነበር፤ ዋናው ጊታሪስት። ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ ሄደ። ወረቀቱ ገና ስላላለቀለት ወጥቶ መመለስ አይችልም። ሲሄድ ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በቆሎ ስለሞላ ጊታሩንና የጊታሩን ኢፌክት ፕሮሰሰር ለኛ ትቶልን ሄደ። "ተጫወቱበት፤ ግን ጠብቁልኝ" ነበር ያለን። የመጀመሪያውን ቃል በደንብ ሰማን።

ዘንድሮ ታናሽ እህቱ ልታገባ ሆነ። ወንድም እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም። አንድ ቅዳሜ እናቱ ቡና ይዘው ወደ ሰርቪሷ መጡና በር ላይ ቆመው፣ "እንግዲህ ልጆቼ፣ እሱ ባይመጣ ጊታሩ ይምጣ። በመልሱ ዕለት ያቺን የሱን ድምፅ አሰሙኝ" አሉን። "ያቺ" የትኛዋ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። "እሺ እማማ፣ ይሄ ምን አላት!" አልን በአንድ አፍ።

አይ የኛ ነገር!

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ለማያውቁት አንባቢያን ትንሽ እናብራራ። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው። ቀለም የሚቀባው በጊታሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባው ነገር ነው። ዱሮ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ፔዳል ነበረው። አንዱ ድምፁን ያሻክረዋል፤ ዲስቶርሽን ነው። አንዱ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሰዋል፤ ዲሌይ ነው። ሌላው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተመታ ያስመስለዋል፤ እሱ ሪቨርብ ነው። ከዚያ ዲጂታሉ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 የጃፓኑ ቦስ ዲጂታል ዲሌይን በአንዲት ትንሽ ፔዳል ውስጥ ከተተው። በ1998 ደግሞ የአሜሪካው ላይን 6 ፖድ የተባለችውን ቀይ፣ ኩላሊት የመሰለች ዕቃ አወጣ፤ የታወቁ የጊታር አምፕሊፋየሮችን ድምፅ አስመስላ የምትሠራ። ዛሬ ይህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ተጠቅልሎ እግራችን ሥር ይቀመጣል።

ሳጥኑ ነገሩ ኮምፒውተር ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፣ በቁጥሩ ላይ ሒሳቡን ይሠራል፣ ከዚያ መልሶ ድምፅ አድርጎ ያወጣዋል። ዲስቶርሽኑ ስንት ይሁን፣ ማሚቶው በስንት ጊዜ ይመለስ፣ የቱ ከየቱ ይቅደም የሚለው ምርጫችሁም በቁጥር ይቀመጣል። ያንን የቁጥር ጥርቅም ፓች ይሉታል። ስም ትሰጡትና ትመዘግቡታላችሁ፤ በሚቀጥለው ቀን በአንድ የእግር ርግጫ ያ ድምፅ ይመጣል።

ጓደኛችን ከ40 የማያንሱ ፓቾች ነበሩት። ስማቸው እንደ ቅጽል ስም ነው፤ እኛ እንኳ ግማሹን አናውቀውም። አንዷ ግን በላቲን ፊደል "እማዬ" ተብላ ተጽፋለች። ማታ ማታ እናቱ ራት ሲሠሩ እሱ በዚያች ፓች አንዲት የሚወዷትን ዜማ ይመታላቸው ነበር። "ያቺ" ያሉት እሷን ነው።

ትንኝ እና ንብ

ሳጥኑ ሦስት ዓመት ሙሉ ካርቶን ውስጥ ነበር። ለልምምድ ጊታራችንን በቀጥታ አምፕ ላይ እንሰካ ስለነበር አልነካነውም። ካርቶኑን ስንከፍት የመጀመሪያው ጉድ ታየን፤ የአዳፕተሩን ገመድ አይጥ በልቶታል።

"9 ቮልት ነው፤ የዋይፋዩ አዳፕተር 9 ቮልት አይደል?" አለ ቤዚስታችን። ሊሰካ ሲል ዘፋኛችን እጁን ያዘችው። በማግስቱ መርካቶ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። ሰውየው የዋይፋዩን አዳፕተር ገልብጦ አንዲት ትንሽ ሥዕል አሳየን፤ መሃል ነጥብ፣ ዙሪያው ቀለበት፣ ከጎናቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክት። የዋይፋዩ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። የጊታር ፔዳሎች ደግሞ አብዛኞቹ መሃላቸው ኔጌቲቭ ነው። "ቮልቱ ስለገጠመ ብቻ አይሰካም፤ ምልክቱም መግጠም አለበት። አምፒሩ ደግሞ ሳጥኑ ከሚጠይቀው አይነስ፤ ቢበልጥ ግድ የለም" አለን። ለዚህ ትምህርት አላስከፈለንም፤ ለአዳፕተሩ ግን አስከፈለን። አሜሪካ ያላችሁ ወዳጆችም ልብ በሉ። ለጓደኛ ዕቃ ስትልኩ አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ያለው 220 ስለሆነ ጭስ ነው የምትልኩልን። ከ100 እስከ 240 የሚል ይሁን።

ሳጥኑ በራ። "እማዬ" ስክሪኑ ላይ መጣች። ደስ አለን፤ ድራመራችን አጨበጨበ። ጊታሩን ሰካን፣ ከሳጥኑ የሚወጣውን ገመድ ለመልሱ ልንከራየው ካሰብነው ጋር የሚመሳሰል ሚክሰር ላይ ሰካን፣ ክሩን መታነው።

ትንኝ!

የምር ትንኝ። ያ ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ድምፅ የት ሄደ? ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ጥዝዝታ ነው የወጣው። ከሥሩ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ንብ አለ። ትንኝ ከላይ፣ ንብ ከታች። ሌሎቹን ፓቾች ሞከርን፤ ሁሉም ትንኝ።

እዚህ ላይ "ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ" የሚለውን ብናስታውስ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር። ሥሩ ጊታሩ ነው። ከጊታሩ ተነስቶ፣ ገመዱን ቀይሮ፣ ሳጥኑን ዘሎ በቀጥታ ሞክሮ፣ ከዚያ ሳጥኑን መልሶ አስገብቶ፣ ኢፌክቶቹን አንድ በአንድ እያጠፉ መሄድ ነበር። አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ማዳመጥ፣ ቀጣዩን መቀየር። እኛ ግን አራታችንም በአንድ ጊዜ አራት ቦታ ነካን። አንዱ ገመድ ሲቀይር ሌላው ቮልዩም ይጨምራል፣ ሌላዋ ዲስቶርሽን ትቀንሳለች። ትንሽ ሲሻሻል በማን እንደተሻሻለ አይታወቅም። ሲብስም በማን እንደባሰ አይታወቅም፤ ያ ለጓደኝነታችን ጠቀመ እንጂ ለሳጥኑ አልጠቀመም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

አንድ ሰዓት ከፈጀን በኋላ ስልክ ወጣ። "ድምፁ ቀጭን ሆነ" ብለን ጻፍን፤ አንድ መልስ አገኘን። ሁለት ቁልፎችን ተጭናችሁ ይዛችሁ አብሩት፣ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል፣ ችግሩ ይፈታል ይላል።

ሳጥኑ ጠይቆናል፤ ሐቁን እንናገር። "እርግጠኛ ናችሁ?" የሚል ነገር ስክሪኑ ላይ መጥቷል። ስልካችሁ ላይ በቀን ስንቴ "እርግጠኛ ነህ?" "እርግጠኛ ነሽ?" ትባላላችሁ? ሳታነቡ "አዎ" ትላላችሁ አይደል? እኛም አልን።

መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። ሳጥኑ ጠፍቶ በራ። ፓች ቁጥር አንድ ላይ ፋብሪካው የሰጠው ስም ተጽፏል። ወደ ቁጥር ሁለት ሄድን፤ የፋብሪካ ስም። ወደ 12 ሄድን፤ "እማዬ" የነበረችበት ቦታ። የፋብሪካ ስም።

ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም። ዘፋኛችን ክሩን በጣቷ መታ አደረገችው።

ትንኙ አለ። ንቡም አለ። የሄደችው "እማዬ" ብቻ ናት።

ዘፋኛችን ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እማማ ከጓዳ፣ "ምነው ዝም አላችሁ? ተበላሸባችሁ እንዴ?" አሉ። "የለም እማማ፣ እያረፍን ነው" አልን። ይሄ ሁለተኛው ጥፋታችን ነው።

ጥፋቱ የነበረው የት ነው?

በዚያ ሌሊት ጋዜጠኛዋ ማንዋሉን ቁጭ ብላ አነበበች። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ መቅደም የነበረበት ይኼ ነበር። መልሱ ሦስተኛው ገጽ አካባቢ ተቀምጧል።

የጊታር አምፕ ስፒከር እንደ ሌላው ስፒከር አይደለም። ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም፤ ሻካራውን ዲስቶርሽን ወንፊት ሆኖ የሚያጣራው እሱ ነው። ሚክሰር ላይ የሚሰካው የአዳራሽ ስፒከር ደግሞ የዘፋኝን "ስ" ሳይቀር እስከ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ሳጥኑን ወደ ሚክሰር ስትሰኩት ያንን የጠፋውን ወንፊት ሳጥኑ ራሱ አስመስሎ መሥራት አለበት። ካቢኔት ሲሙሌሽን ይሉታል። ጓደኛችን ሁልጊዜ በአምፕ ነበር የሚጫወተው፤ ስለዚህ የሳጥኑን አወጣጥ "አምፕ" ላይ አድርጎ ካቢኔቱን አጥፍቶታል። እኛ የገባንበት ደግሞ ሚክሰር ነው። አወጣጡን ከ"አምፕ" ወደ "ላይን" መቀየር ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። አንዲት ምርጫ! ተቃራኒውም አለ። ካቢኔቱን አብርታችሁ ጊታር አምፕ ላይ ከሰካችሁ ሁለት ወንፊት ይሆንና ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል።

ፋብሪካውም ሳጥኑን "አምፕ" ላይ አድርጎ ነው የሚልከው። ለዚያ ነው ሁሉን አጥፍተን እንኳ ትንኙ ያልሄደው።

ንቡስ? ንቡ የላፕቶፑ ቻርጀር ነበር። ለልምምድ ዜማ የምናጫውትበት ላፕቶፕ እዚያው ሚክሰር ላይ ተሰክቷል፤ የሰርቪሷ ሶኬት ደግሞ ግራውንድ የለውም። ቻርጀሩን ስንነቅለው ንቡ ሄደ። ሁለት ችግር፣ ሁለት ደቂቃ። እኛ ግን በመካከሉ የሰው ሦስት ዓመት ጠራርገናል።

ስልኩ

ለሳምንት ደበቅነው። "የሆነ ነገር ሠርተን እንንገረው" የሚልና "አሁኑኑ እንንገረው" የሚል ሁለት ፓርቲ ሆንን። የመጀመሪያው ፓርቲ ሳምንቱን ሙሉ ሥልጣን ላይ ቆየ፤ የሠራው ነገር ግን የለም።

በመጨረሻ ደወልን። እኛ ጋ ማታ፣ እሱ ጋ ከሰዓት ነው። ስልኩን መሃል አስቀምጠን አራታችንም ተኮልኩለን ተናገርን። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን "ሄሎ?" አልን።

"አለሁ" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ኮምፒውተር ላይ አልገለበጣችሁትም?" አለን። ሳጥኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ ፓቾቹን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ይቻል ነበር። አልገለበጥንም። "እኔም አልገለበጥኩም" አለ።

"ቁጥሮቹን ንገረንና እንመልሳት" አልነው። ለዚህ ነበር በልባችን የተማመንነው። የሠራው እሱ ነው፤ ያውቀዋል።

"አላስታውሳቸውም" አለ። "ሳጥኑ ነበር የሚያስታውስልኝ።"

ይቺን ቃል እስከዛሬ እናስባታለን። የስንት ሰው ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ታውቃላችሁ? የድሮ ፎቶዎቻችሁስ የት ናቸው? እኛ እናስታውሳለን ብለን የምንምልባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ሳጥኑም የሚጠይቀን አንዴ ብቻ ነው፤ እርግጠኛ ናችሁ?

ጓደኛችን ግን ሦስት ነገር አስታወሰ። አንደኛ፣ "ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም ሰባት ላይ ነው የማደርገው፤ ፒክአፑ ደግሞ የአንገቱ ነው።" ሁለተኛ፣ "ማሚቶው ከችክችካው ጋር እኩል ይራመዳል።" ሦስተኛ፣ "ሁለት ጊታር ሆኖ ይሰማል።" ከዚያ ወደ ሥራ ሊገባ ሆነ። ሊዘጋው ሲል፣ "ለእማዬ ነገራችኋት?" አለ። አልነገርናቸውም። "ንገሯት፤ እሷ ጆሮ አላት" አለን።

አምስተኛዋ አባል

ነገርናቸው። እማማ ስለ ፓች፣ ስለ ሪሴት ምንም አያውቁም። "ጠፋ በሉኛ! ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ሥሯት እንጂ" አሉና በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ።

ከሁለተኛው ጀመርን። ማሽኑ ማሚቶውን ከምቱ ጋር ያስማማል፤ ምቱን በእግር መታ መታ ታደርጉለታላችሁ፣ እሱ ያሰላል። የእማማ ዜማ በደቂቃ 100 ምት ገደማ ነው፤ አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ለሁለት ከፍሎ 300 ሰጠን። ሲመታ ዜማው ይደናቀፋል። ድራመራችን በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ አስረዳን። ችክችካ አንዱን ምት ለሦስት ነው የሚከፍለው፤ 200፣ 200፣ 200። 300 ላይ የሚመለስ ማሚቶ ከሁለቱ መሃል ይወድቃል፤ በጭፈራ መሃል የሰው እግር እንደሚረግጥ ሰው። ማሚቶውን 400 ላይ አደረግነው። እማማ ትከሻቸው ሳያስቡት ነቅነቅ አለ።

"ሁለት ጊታር" የሚለው አስቸገረን። ማሽኑ ሃርሞኒስት የሚባል አለው፤ የምትመቱትን ኖታ እየተከተለ ሁለተኛ ድምፅ ይጨምራል። ቁልፉን ዶ ሜጀር አድርገን አበራነው። ዜማዋ በትዝታ ቅኝት ናት፤ ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ኖታ። ፋ እና ሲ የሉም። ማሽኑ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ባለ ሰባት ኖታ ስኬል ነው። ሬ ስትመቱ ሦስተኛዋን ልጨምር ብሎ ፋን ያመጣል፤ ሶል ስትመቱ ሲን ያመጣል። ዜማው ውስጥ የሌሉ ሁለት እንግዶች ሳይጠሩ ገብተው ቁጭ!

"ይቺ የማን ናት?" አሉ እማማ ፊታቸውን አጨማደው። "ዜማዋ ውስጥ የማላውቃት ሰው አለች።"

በአንቺ ሆዬ ወይም በአምባሰል ብንመታ ደግሞ ከዚህ ይብስ ነበር። ከፍ ያሉ አንዳንድ ማሽኖች የራሳችሁን ስኬል ኖታ በኖታ እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ፤ የኛ አይፈቅድም። ጓደኛችን ታዲያ በዚሁ ማሽን እንዴት አደረገው? ብዙ ከተነታረክን በኋላ ቤዚስታችን "ኦክታቭ ሞክሩ" አለ። ሁለተኛውን ድምፅ ያንኑ ኖታ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገን፣ መጠኑን በጣም ቀንሰን ጨመርነው። ኦክታቭ ከየትኛውም ቅኝት አይወጣም፤ ዶ ሁልጊዜ ዶ ነው። ሁለት ጊታር ሆነ፤ እንግዶቹም ሄዱ።

"አሁን ቤተሰብ ሆነ" አሉ እማማ። "ግን ይጮኻል።"

ቮልዩም ቀነስን። "ይጮኻል።" ዲስቶርሽን ቀነስን። "እሱ እንዲህ አይጮኽም ነበር።" የቀረን ቅንብር የለም። ሰዓቱ መሸ። ጋዜጠኛዋ በተማረችው መሠረት፣ ምንጩን በትክክል መጠየቅ አለብን ብላ ጠየቀች። "እማማ፣ እሱ ሲመታ እርስዎ የት ነበሩ?"

"የት እሆናለሁ! ጓዳ ነዋ፤ ወጡ ሊያርብኝ?"

ተያየን። እማማ ያንን ድምፅ አንድም ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ ሆነው ሰምተውት አያውቁም። በግድግዳ ነው የሰሙት። ግድግዳ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ይይዛል፤ ጎረቤት ሙዚቃ ሲከፍት ቤዙ ብቻ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ በሩን ዘግተን እማማን ይዘን ጓዳ ገባን፤ ጋዜጠኛዋ ብቻ ሰርቪሷ ውስጥ ቀርታ መታች። እማማ ምጣዱ አጠገብ ቆመው ሰሙ። ምንም አላሉም። መሃረባቸውን ብቻ አወጡ።

ከዚያ የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። ኢኳላይዘሩ ላይ ከ3,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆረጥን፤ ሪቨርብ ትንሽ ጨመርን። ግድግዳውን ሳጥኑ ውስጥ ሠራነው ማለት ነው። እማማ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ዜማዋን እስከ መጨረሻዋ አዳመጡ።

"ቀረበ" አሉ። "እሱ ግን ሲሳሳት ይስቅ ነበር።"

ለሱ የሚሆን ቁልፍ ሳጥኑ ላይ የለም።

የመልሱ ዕለት

ድንኳኑ ውስጥ ካለው ጫጫታ ጋር ሲገጥም ያ ጆሮ የማይበሳ ድምፅ ሊዋጥብን ሆነ። ለብቻ ሲሰማ የሚያምር ፓች ከድራምና ከቤዝ ጋር ሲሆን ይጠፋል። መሃለኛውን ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ ሪቨርቡን ትንሽ ዝቅ አደረግነው፤ ድንኳኑ የራሱ ሪቨርብ አለውና። ከዚያ መታን። ሙሽራዋ ዜማዋን ስታውቅ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት።

ወንድም በስልክ ቪዲዮ ከሩቅ ያይ ነበር። ምስሉ አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይሄዳል። ማታ ላይ የድምፅ መልእክት ላከልን። "ጊታሯን አልሰማኋትም" ይላል። እነዚህ የስልክ ጥሪዎች የሰውን ንግግር ለይተው ሌላውን እንደ ጫጫታ ስለሚያፍኑት ሙዚቃውን ውጠውታል። "የእማዬን እልልታ ግን ሰማሁ። በቃኝ።" ከዚያ ይስቃል። ያንን ሳቅ ለእማማ አሰማናቸው።

ለባለ ሳጥኖች

ከኛ የባሰ እንዳይደርስባችሁ እነሆ አጭር ዝርዝር፤

1. የአዳፕተሩን ቮልት፣ የመሃሉን ምልክትና አምፒር ሳታዩ አትሰኩ።

2. ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፓቾቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ኮምፒውተር ከሌለ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ።

3. ድምፅ ሲበላሽ ከጊታሩ ጀምሩ፤ ገመድ፣ ሳጥን፣ ሚክሰር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

4. ድምፁ ትንኝ ከሆነ አወጣጡን እዩ፤ ወደ አምፕ ነው ወይስ ወደ ሚክሰር? ወደ ሚክሰር አንድ ገመድ ብቻ ካላችሁ ደግሞ "ሞኖ" የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ሰኩት።

5. የሚያጉረመርም ካለ በዙሪያው ያሉትን ቻርጀሮች አንድ በአንድ ንቀሉ።

6. ያስተካከላችሁትን "ሴቭ" በሉ። መብራት ሲጠፋ ያልተመዘገበ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ መብራቱ ደግሞ ይጠፋል።

7. ፋብሪካ ቅንብር የመጨረሻው መጨረሻ ነው። "እርግጠኛ ናችሁ?" ሲላችሁ አንብቡት።

አዲሷ ፓች ቁጥር 12 ላይ ተቀምጣለች። "እማዬ" ብለን ልንሰይማት ፈልገን ነበር፤ ያ ስም ግን የኛ አይደለም፤ ሲመጣ ራሱ ይጻፈው። "ጓዳ" ብለናታል። አንዷ ቅጂ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዷ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዷ ደግሞ በእስክሪብቶ ተጽፋ ከሳጥኑ ሥር በፕላስተር ተለጥፋለች። አራተኛዋ ቅጂ ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ስንሳሳት "ኧረ አይደለም" ትለናለች።